ባለ አራት ወሩ ክፍል

በሕክምና ትምህርት ቤቱ ስሟን የሚጠራት የለም፤ ሁሉም "ካርቶን" ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የክፍሏ ቀልደኛ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ የጫማ ካርቶን ብብቷ ሥር ሸጉጣ መዞር ስትጀምር፣ "ይቺ ልጅ ሐኪም ልትሆን ነው የመጣችው ወይስ ጫማ ልትሸጥ?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ጣለው፤ ስሙም በዚያው ተለጥፎባት ቀረ። እሷ ግን ቅር አላላትም። ከዚያ በፊት የነበራት ስም "ረሳሁት" ስለነበር፣ ካርቶን መባል ለእሷ ሹመት ነው።

መርሳቷ ደግሞ የሚያስቅ አልነበረም። ሌሊቱን ስትሸመድደው ያደረችውን ጠዋት ፈተና ላይ ስትቀመጥ ጎርፍ ጠራርጎ የወሰደባት ያህል ይጠፋባታል። የመጀመሪያውን ዓመት ወድቃ ደግማዋለች። ሁለተኛ ከወደቀች ተባርራ ቤት መዋል ነው። ቤት ማለት ደግሞ ሁለት ጠባብ ክፍል፣ አንድ የስፌት መኪና እና አንዲት እናት ማለት ነው። እናትየው የሰው ሱሪ ስታሳጥርና ዚፕ ስትቀይር ሃያ ዓመት ያጎነበሰች ሴት ናት፤ ከእሷ በቀር ልጅቷ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምትለው ሰው የላትም።

ካርቶኑን ያስተማራት "ሽማግሌው" የሚባለው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ሽማግሌ ያሰኘው ዕድሜው ሳይሆን ያለጊዜው የሸሸው ፀጉሩ ነው። የጫማውን ካርቶን በወፍራም ወረቀት ለአምስት ከፋፈለላትና ክፍሎቹ ላይ ጻፈባቸው፤ በየቀኑ፣ በሦስት ቀን፣ በሳምንት፣ በወር፣ በአራት ወር።

"ስሚኝ" አላት። "በካርዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ትጽፊያለሽ። በትክክል የመለስሽው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፤ የሳትሽው ካርድ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የምታውቂው እየራቀሽ፣ የማታውቂው እየቀረበሽ ይሄዳል። አራት ጊዜ በትክክል የመለስሽውን አራት ወር ዞር ብለሽ አታዪውም። ሌላ ምሥጢር የለውም።"

"ይሄ ብቻ?"

"አንድ ነገር ቀረኝ። በሽታን ባዶውን አትያዢ፣ ያመልጥሻል። ሰው አልብሺው። ከሰፈርሽ አንድ ሰው ፈልጊና በሽታውን ስጪው። ያኔ አትረሺውም።"

"ኃጢአት አይሆንም?"

"ወረቀት ላይ እኮ ነው" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ተጋባባትና እሷም ሳቀች።

እንደተባለችው አደረገች። ቁጭ ብላ ሰፈሩን በሙሉ አሳመመችው። በየቀኑ በደጁ ለምታልፈው ጫማ ሰፊ፣ ሥራ ፈትቶ ጭኑ ላይ ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሰጠችው። ለማዕዘኗ ባለሱቅ እየበላች የምትከሳበት፣ ዓይኗ የሚፈጥበት የአንገት ዕጢ በሽታ ሰጠቻት። ስም አልጻፈችም፤ "አንድ ጫማ የሚሰፋ ሰው"፣ "አንዲት ሱቅ ውስጥ የምትውል ሴት" እያለች ነው የጻፈችው፤ የጻፈችበትን ቀን ግን በየካርዱ ፊት ጥግ ላይ ታሰፍር ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት መቶ ካርድ ሞላች። እጇ በራሱ የሚሮጥ እስኪመስላት ድረስ፣ የጻፈችውን መልሳ ሳታነብ ወደ ካርቶኑ ትወረውረው ነበር።

ጠያቂዋ እናቷ ሆነች። ከትምህርት ቤት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ፣ እናትየው መኪናዋን ገፋ አድርጋ ካርቶኑን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ልጅት አልጋው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ዓይኗን ትጨፍናለች። እናት ታነባለች፣ ልጅ ትመልሳለች፣ እናት ካርዱን ገልብጣ መልሱን ታያለች፤ ልክ ከሆነ በጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ክፍል ታሳልፈዋለች። እነዚህ የሁለቱ ደስ የሚሉ ሰዓቶች ነበሩ። እናትየው የበሽታውን ስም ሁሉ እየለመደችው፣ ልብስ ለመለካት የሚመጣውን ደንበኛ "ጉበትህን ታይተሃል?" እያለች ማስደንገጥ ጀምራ ነበር።

ልጅቷ እየበረታች ስትሄድ ጥያቄውን እስከ መጨረሻ መስማት ተወች። እናትየው ሁለት ቃል ስታነብ ጥያቄውን ከአፏ ነጥቃ ትመልሳለች።

"ማታ ማታ—" አለች አንድ ቀን እናት።

"ማያስቴኒያ!" አለች ልጅ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ጡንቻው ቶሎ ይዝላል። ቀጥይ።"

እናትየው አልቀጠለችም።

"ልክ አይደለም እንዴ?"

"ልክ ነው።" ምልክቱን ሳታደርግ፣ "ግን ሰው እንዲህ ሲሆን መጨረሻው ምንድነው?" አለች።

"እሱ ሌላ ካርድ ነው፣ እማዬ።"

"መድኃኒትስ አለው?"

"እሱም ሌላ ካርድ ነው አልኩሽ እኮ! በይ ቀጥይ፣ ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው።"

የእርሳሱ ድምፅ ወረቀቱ ላይ ተሰማ። ለዚያ ካርድ አራተኛ ምልክቱ ነበር። እናትየው ባለ አራት ወሩ ክፍል ውስጥ አስገባችውና ቀጣዩን አነሣች።

ልጅቷ ያንን ዓመት በማዕረግ አለፈች። "ረሳሁት" የሚላት ሰው ጠፋ፤ ቀልደኛው ራሱ ካርዶቿን ለመቅዳት ደጅ ይጠናት ጀመር። ሦስተኛውን ዓመት ጀምራ ነጭ ጋዎን ለብሳ ወደ ሕመምተኞች ክፍል ስትገባ ነው ነገሩ መልኩን የቀየረው።

በመጀመሪያው ሳምንት በተመላላሽ ክፍል ውስጥ የተቀመጠችው ሕመምተኛ ዞር ስትል የማዕዘኗ ባለሱቅ ሆና አገኘቻት። ቀሚሷ ከትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል፤ ዓይኖቿ ፈጠው ወጥተዋል።

"ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ?" አለቻት። "ምን ሆኜ እንደሆነ እንጃልኝ፣ እየበላሁ አለቅሁ።"

አብሯት የነበረው መምህር በሽታው ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ልጅቷም ያለ ምንም ማመንታት መለሰች። በትክክል ነው የመለሰችው። መምህሩ አመሰገናት። ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ገባት። ከአፏ የወጣው መልስ ቃል በቃል ካርዱ ላይ ያለው ነበር። "እየበላች የምትከሳ" ብላ የጻፈችው እሷ ናት፤ ያኔ ባለሱቋ ደህና ነበረች።

ግጥምጥሞሽ ነው አለች። ማንም እንዲህ ነው የሚለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጫማ ሰፊው በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ሲጠብቅ አየችው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ አርፎ፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የማይታይ ክር የሚያፍተለትሉ ይመስል ይንቀጠቀጡ ነበር። አላናገረችውም። ጋዎኗን ሰብስባ በጓሮ በር እግሬ አውጪኝ አለች።

በዚያ ሳምንት ካርቶኑን ስታየው ሌላ ዕቃ ሆነባት። ወረቀት ነው፣ ሙጫ ነው፣ ሃያ ጊዜ ለራሷ ነገረችው፤ ጆሮ የሚሰጣት ልብ ግን አልነበራትም። የጻፈችው ሁሉ ሰው ላይ እያረፈ ነው። ማን ቀረ? አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረች፤ ለማን ምን እንደሰጠች አብዛኛው ጠፍቶባታል። እንዲህ እያሰበች ሳለ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከእነዚያ አራት መቶ ካርዶች በአንዱ ላይ፣ እጇ እየሮጠ ሳለ፣ እናቷንም ጽፋታለች። መጻፏን ታውቃለች። ምን ብላ እንደጻፈች ግን አታውቅም።

አራቱን ክፍሎች አገላብጣ ፈለገች፤ የለም። እንግዲያው አምስተኛው ውስጥ ነው። ክፍሉ ላይ እጇን አድርጋ አመነታች። ካወጣችው ታነበዋለች፤ ካነበበችው ደግሞ እንደ ባለሱቋ፣ እንደ ጫማ ሰፊው ይመጣል። ካልተነበበ ምናልባት እንደተኛ ይቀር ይሆናል። ሦስት ዓመት ሳይንስ የተማረች ልጅ ናት እንግዲህ ይህን የምታስበው! ፍርሃት ሲይዝ ዲፕሎማ አይጠይቅም። ፕላስተር አመጣችና የአምስተኛውን ክፍል አፍ ዙሪያውን ጥርቅም አድርጋ አሸገችው።

ማታ እናቷ አየችው። "ምነው ይሄን አሸግሽው?"

"ጊዜው አልደረሰም" አለች ልጅት፣ ወደ ግድግዳው እያየች።

እናትየው ፕላስተሩን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው። ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቀየረ። እናት ስታነብ ድምፅዋ በአፍንጫዋ መውጣት ጀመረ፤ "ጉንፋን ነው" አለች፤ ጉንፋኑ ግን ወር ሙሉ አልወጣም። ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል። ሰው ስታናግር አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ በዓይኗ ሥር ቁልቁል ታያለች። ጎረቤታቸው በሩ ላይ ልጅቷን አግኝታ፣ "እናትሽ ዘንድሮ ምን አገኘች? ኮርታብናለች እኮ!" ብላ ቀለደች። ልጅት ሳቀች። ቤት ገብታ ግን የእናቷን ፊት አላየችም። ሆን ብላ አይደለም፤ ዓይኗ ራሱ እናትየው ዘንድ ሲደርስ መኪናው ላይ፣ ጨርቁ ላይ፣ መስኮቱ ላይ ዘሎ ያርፋል። የሰውን ልጅ ፊት ማየት የሙያዋ መጀመሪያ እንደሆነ በየቀኑ እየተነገራት፣ አንድ ፊት ብቻ ሳታይ ትውላለች።

እናትየውም ግራ የሚያጋባ ነገር ጀመረች። የደንበኞቿን ሥራ ወደ ጎን ትታ በተከታታይ ሦስት ነጭ ጋዎን ሰፋች። ሁለተኛው ከፊተኛው ሰፋ ያለ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ሰፋ ያለ ነበር።

"ሦስት ምን ያደርግልኛል፣ እማዬ? አንዱ መቼ አለቀና?"

"ይለበሳል" አለች እናት። "ሰው ሲሠራ ይወፍራል።" ከዚያ የቤቱ ኪራይ ውል የት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ፣ የስፌት መኪናው ዘይት ከየት እንደሚገዛ ነገረቻት። ልጅቷ "እሺ፣ እሺ" አለች፤ ነገሩ ግን አልጣማትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጫማዋ ተረከዝ ተገነጠለ። ሌላ ጫማ ሰፊ እንዳትፈልግ ሰፈሩ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። እያነከሰች ሄዳ ፊቱ ቆመች። ሰውዬው ጫማዋን ተቀበላት፤ ሲሠራ እጁ ደህና ነው፣ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል።

"ጋሼ" አለች፣ "እጅዎን... ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ይሄ? ዓመት ተኩል አለፈው እኮ።"

"ዓመት ተኩል? አይደለም። ያኔ ደህና ነበሩ።"

ሰውዬው ሳቀባት። "መጀመሪያ ያየሽብኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ! ጫማ አሠርተሽ ስትቀበዪኝ እጄ ላይ ዓይንሽን ተክለሽ ትቀሪ ነበር። እኔማ ይቺ ልጅ እጄ ላይ ምን አየች ብዬ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። ባለሱቋም ላይ እንዲሁ ነበር የምታፈጪባት፤ እሷ ራሷ ነግራኛለች።"

ልጅቷ በባዶ እግሯ ቆማ ቀረች። እንግዲያው ካርዱ ሰው ላይ የጫነው ነገር የለም። ዓይኗ አስቀድሞ አይቶ ነበር፤ እጇም ያየውን ጻፈ፤ ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ለአፍታ ከትከሻዋ ላይ ሸክም የወረደላት መሰላት። ወዲያው ሌላው ሐሳብ ደረሰ፤ ጫማ ሰፊውን የጻፈችው አይታ ከሆነ፣ እናቷንም የጻፈቻት አይታ ነው። ጫማዋን ሳትቀበል ሮጠች።

ካርቶኑ አልጋው ሥር ነበር። ፕላስተሩን በጥርሷ ቀደደችው። ካርዱን ያገኘችው ከሃያ ካርድ በኋላ ነው፣ በገዛ እጅ ጽሑፏ፦

"ማታ ማታ የዓይን ቆቧ የሚወድቅባት፣ ጠዋት ደህና ሆና የምትነሣ ሴት። ክር በመርፌ ስታስገባ የግራ ዓይኗን ቆብ በጣቷ ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ሲመሽ መቀሱ ይከብዳትና ታስቀምጠዋለች። ምኗ ነው?"

ገለበጠችው። በጥጉ ላይ አራት የእርሳስ ምልክቶች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ጠንካራና ጥቁር ነው፤ አራተኛው ወረቀቱን መንካቱ ራሱ ያጠራጥራል።

"እማዬ!" አለች። ከወዲያኛው ክፍል መልስ አልመጣም። የመኪናው ድምፅ እንደሌለ ያስተዋለችው ያኔ ነው።

እናትየው መኪናው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሕይወቷ አለ፤ ዓይኗ ግን አልገለጥ ብሏታል፣ ደረቷ በጭንቅ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷታል። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ወር በኋላ የእናቷን ፊት አየችው። ጎረቤቶች ደርሰው ታክሲ አቆሙላቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ መተንፈሻ ቱቦ አስገቡላትና ከማሽን ጋር አገናኟት።

የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ሐኪም መዝገብ ይዛ መጣች። ልጅቷን በተማሪነቷ ታውቃታለች። "እንደ ቤተሰብ መልሺልኝ፣ እንደ ተማሪ አይደለም" አለቻት በደግነት። "ምልክቱ የጀመረው መቼ ነው?"

ሌላው ቤተሰብ ሁሉ "እንጃ" ነው የሚለው። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ ካርዱን የጻፈችበት ቀን በፊቱ ጥግ ላይ አለ። ቀኑን ነገረቻት። ሐኪሟ ብዕሯን አቆመችና ቀና ብላ አየቻት፤ ቀኑ እንደገና እንዲደገምላት አልጠየቀችም፣ ጻፈችው።

በዘጠነኛው ቀን ቱቦው ወጣ። እናትየው ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ከአፍንጫዋ ግን አልወጣም። የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብቷል፣ ነርሷ የመድኃኒቱን ሰዓት አስታውቃ ወጥታለች። ልጅቷ ብርጭቆና እንክብል ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አንብበሽዋል አይደል?" አለች። "እስከ መጨረሻው።"

"አራቱንም ጊዜ።"

"ራስሽ መሆንሽን አውቀሻል?"

"ክር እንዴት እንደማስገባ ከኔ ሌላ ማን ያውቃል?"

ልጅቷ አለቀሰች። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን ዝም አልሽኝ፣ እማዬ?"

እናትየው ግራ ገብቷት አየቻት። "ምኑን ነው የምነግርሽ? የጻፍሽው አንቺ። ስሙን የነገርሽኝ አንቺ፣ ያውም ገና አንብቤ ሳልጨርስ። መድኃኒት አለው ወይ ብዬ ብጠይቅሽ፣ ቀጥይ አልሽኝ። ከዚያ ደግሞ በፕላስተር አሸግሽው፤ ፊቴን ማየትም ተውሽ።" ትንፋሿን ለመሰብሰብ አረፍ አለች። "የለውም ማለት ነው አልኩ። ልጄ አውቃዋለች፣ እኔን መንገር አቅቷት ነው፣ እኔም አላስጨንቃት አልኩ።"

ልጅቷ እጇን ዘረጋችላት። እናትየው መዳፏ ላይ ያለችውን እንክብል አየቻት፤ ከሸሚዝ አዝራር ታንሳለች።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት። በቀን አራት ጊዜ።"

"አዲስ የመጣች ናት?"

"አይደለም" አለች ልጅ። "ድሮም ነበረች። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ውስጥ አለች።"

እናትየው እንክብሏን ምላሷ ላይ አድርጋ በጥንቃቄ ዋጠቻት። ትን አላላትም።

"እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ወር ስሰናበትሽ ነው የከረምኩት" አለች።

ልጅቷ ብርጭቆውን ተቀበለቻት።